ኮታው ሞላ ወይ?

«ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እያልን ስንተርትበት የኖርነውን ያንን ምስኪን አባት ይቅርታ የምንጠይቅበት ጊዜ ደርሷል። እሱ የቀደደው አንድ ቆብ ነው፤ ያውም የራሱን። ሰፍቶ ሲጨርስም መልሶ ደፍቶታል። አሜሪካና እንግሊዝ ያሉ ካልሲ ሠሪዎች ግን የፈረንጆች አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር 12 ጥንድ ካልሲ በእጃችን ሠርተን ካልጨረስን ብለው ይማማላሉ። በወር አንድ ጥንድ መሆኑ ነው። ይህ አንሶባቸው በሳምንት አንድ፣ በዓመት 52 ብለው የተነሡ ጀግኖችም አሉ።

«መዝናኛ ነው» ይላሉ። እንዴት አይሆን! ዓመቱ ሳይጠባ 12 ከረጢት ይሰናዳል፤ በየከረጢቱ ክርና የአሠራር መመሪያ ይገባል፤ በየወሩ ዕጣ ይወጣል። የደረሰውን ቢወደውም ባይወደውም መሥራት ነው። ላለቀው ምልክት የሚደረግበት ሰንጠረዥ አለ። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ገና ተረከዝ ላይ ያለ ሰው እንቅልፉን ይሠዋል። የእኛ ገበሬ በደርግ ዘመን የእህል ኮታ ሲጣልበት ቢያንስ የሚያማው ካድሬ ነበረው። እነዚህ የተባረኩ ሰዎች ኮታ ጣዩም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ተገምጋሚውም ራሳቸው ናቸው። እንዲህ የሰው ኃይል የቆጠበ ቢሮክራሲ የትም አልታየ!

ሙያውን የሚንቅ ግን ይሳሳታል። በአምስት ቀጫጭን መርፌዎች 64 የክር ቀለበት ይዞ ዙሪያውን መዞር፣ ተረከዝ ላይ ሲደርሱ ግማሹን ብቻ ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ማጠፍ፣ ከጎንና ከጎን ቀለበት ለቅሞ እንደገና ወደ ዙር መግባት፣ ጣት ጋ ስፌቱ እንዳይታወቅ አድርጎ መዝጋት ቀላል አይደለም። ቀጥ ያለ ቱቦ የነበረው ሥራ ተረከዙ ላይ ሲደርስ የእግር ቅርጽ ሲይዝ ማየት ደስ ይላል። ኮታ ያለበት ሰው ግን ቀን መቁጠሪያ እንጂ ተረከዝ አይታየውም። እፎይ ብሎ ቀና ሲል ደግሞ ሰው ሁለት እግር እንዳለው ትዝ ይለዋል፤ ያንኑ ሥራ ከሀ ይጀምራል።

ወጪውም የዋዛ አይደለም። ከበግ ፀጉርና ከናይሎን የተፈተለ፣ በእጅ የተነከረ 100 ግራም ክር 30 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ በዚህ ገንዘብ ደርዘን ካልሲ ይሸመታል። አንዱ ጥቅል 400 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የዓመቱ ክር ቢዘረጋ ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ማራቶን ባይሆንም ሯጩ ከወንበሩ አልተነሣም።

እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 የካልሲ መሥሪያ መኪና ሲፈለስፍ፣ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ «በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ድሆቼን ለማኝ ታደርግብኛለህ» በሚል ስጋት ፈቃድ ነፈገችው ይባላል። በከንቱ ተጨንቃለች። ዛሬ በእጅ ካልሲ ለመሥራት ድሀ መሆን አይቻልም፤ ክሩን ማን ይገዛል? የቻይናዋ ዳታንግ ከተማም በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ካልሲ ታመርታለች፤ መኪኖቿ ግን አንዱን ጥንድ በጨረሱ ቁጥር ፎቶ አንሡን አይሉም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ቀይ መስቀል ካልሲ ሥሩልን ብሎ ሕዝብ አስተባብሮ ነበር። ያኔ እርጥብ ምሽግ ውስጥ እግሩ የሚበሰብስ ወታደር ካልሲውን ይጠብቅ ነበር። የዛሬውን ካልሲ የሚጠብቀው መሳቢያ ነው። ይደረግ እንዳይባል ጫማ ይበላዋል፤ ይታጠብ እንዳይባል መኪናው ያኮማትረዋል። ለዘመድ እንዳይሰጥ ደግሞ ዘመድ የድካሙን ልክ አያውቅለትም።

እንግዲህ ኮታውን ለሞሉት ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ! ለመጪው ዓመት ከፍ ያለ ፈተና ለምትሹም አንድ ሐሳብ አለን፦ 12ቱንም ጥንድ እስኪቀደዱ ድረስ አድርጓቸው። ሲቀደዱ የሚሰፋላችሁ መነኩሴ አይጠፋም።