ላሊበላ ተይዟል

አሜሪካ ሬስቶራንት ለመክፈት የሚቸግረው ገንዘቡ ሳይሆን ስሙ ነው። ላሊበላ ተይዟል፣ አክሱም ተይዟል፣ ንግሥተ ሳባ የማትቀቅልበት ከተማ የለም፤ ሉሲ እንኳ በ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ጥብስ ታቀርባለች። ገንዘቡንማ እቁብ ይሸፍነዋል። ባንክ የብድር ታሪክ ይጠይቃል፤ እቁብ የሚጠይቀው ዋስ ነው፣ ዋሱም መቼስ የሚስት ወንድም ነው።

ቀጥሎ የጤና ተቆጣጣሪው ይመጣል። ክትፎውን አይቶ፣ ሜኑው ላይ «ያልበሰለ ሥጋ ለሕመም ሊያጋልጥ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ መኖሩን ያጣራል። ፈረንጁ ያነብና «በደንብ ይብሰልልኝ» ይላል። አበሻው አያነብም፤ ያነበበ እንደሆነም ቤቱ ትክክለኛ ክትፎ እንደሚሠራ ማረጋገጫ አድርጎ ይወስደዋል።

ሽርክናው እስከ መጀመሪያው ትርፍ ድረስ ይዘልቃል። ከዚያ አንደኛው «ክብሬ ተነካ» ብሎ ይወጣል፤ ሩቅ ግን አይሄድም። ግድግዳ ተጋርቶ ያንኑ በያይነቱ በአንድ ዶላር ቅናሽ ይከፍታል። እንዲህ እያለ መንደር ይመሠረታል። ሎስ አንጀለስ በ2002 እ.ኤ.አ. የፌርፋክስን ጎዳና ከፊል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በይፋ ስትሰይም፣ ስንት ሸሪክ ተኳርፎ እዚያ እንደደረሰ የጠየቀ የምክር ቤት አባል ስለመኖሩ አልሰማንም።