ሰበብ የማይቀበል ብረት

ዒላማ የሳተ ሰው ሰበብ አጥቶ አያውቅም። ጥይቱ እርጥበት ነክቶታል፤ ነፋሱ ድንገት ዞሯል፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነበረች፤ ካልሆነም የጎረቤት ዓይን አርፎበታል። ይህ የኛ አገር ሰው ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሚኒሶታ መጥቼ ቶርኖ ላይ ስቀጠር ግን፣ አጠገቤ የሚሠራው ፈረንጅ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ አጋዘን አደን ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ የሚያወርደውን ስሰማ፣ ሰበብ ቪዛ እንደማያስፈልገው ገባኝ።

ባልደረባዬ ጥሩ ሰው ነው። ክፋቱ ጥፋቱን ሁሉ ጠመንጃው ላይ መጫኑ ነው። አንዱን ዓመት አፈሙዙ ተጣሟል ይላል፤ በሌላው የማነጣጠሪያው መነጽር ነው። ጠመንጃው አፍ የለው፣ ጠበቃ የለው። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና “እንግዲያው ጠመንጃውን ለብቻው እንጠይቀዋ!” አልኩት።

ጠመንጃ ለብቻው የሚጠየቀው መደገፊያ ላይ ነው። የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሽ ትከሻን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ልብም በመታ ቁጥር ሰደፉን ነካ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ከመሃል አውጥቶ ጠመንጃውን ከባድ ብረት ላይ ማስተኛት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚስተው ማን እንደሆነ ይለያል። ተሠርቶ ያለቀ መደገፊያ ገበያ ላይ ሞልቷል። ግን ሁለት የብረት ሠራተኞች ብረት ገዙ ቢባል፣ በየት ዞረን ከሰው እንገባለን?

አለቃችን ከቁርጥራጭ ብረቱ በርሜል የፈለግነውን እንድናነሣ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላም ቶርኖውን እንድንጠቀም ፈቀደልን። መገጣጠሙን ወደ ቤቴ ጋራዥ አመጣነው። እዚያ ደግሞ አባባ ነበሩ። አባባ የሚስቴ አባት ናቸው፤ ከደብረ ታቦር ሊጠይቁን መጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሥራዬን ይቆጣጠራሉ።

“ምንድን ነው የምትቀጠቅጠው፣ ልጄ?”

“የጠመንጃ መደገፊያ ነው፣ አባባ።”

“ታሟል እንዴ?”

አባባ ደግፎ መተኮስን እንደ ድክመት ቆጥረውት ነው እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ እግረኛ ወታደር መስኬት የተባለው ጠመንጃ ስለሚከብደው፣ ጫፉ ሹካ የሆነ ዘንግ ይዞ ይዘምት ነበር። ይህንን ስነግራቸው “አየህ፣ የፈረንጅ ነገር!” ብለው ዘጉት።

ጠብ የተነሣው የመደገፊያው እግር ላይ ነው። ባልደረባዬ አራት እግር ይሁን አለ፤ እኔ ሦስት። ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋል፣ አራተኛው ከመጣ አንዱ አየር ላይ ይንጠለጠላል ብዬ በወረቀት ላይ ሥዬ ባስረዳው አልዋጥለት አለ። አባባ የምንከራከርበትን ጠየቁኝና ሳቁ። “ጉልቻ አራት ሆኖ አይቶ ያውቃል በለው።” ተረጎምኩለት። ጉልቻን አሳየኝ አለ፤ ስልኬ ላይ ፎቶ አሳየሁት፤ ዝም ብሎ ሦስት ቀዳዳ ለካ።

ለመቀመጫው ያገኘነው ላሜራ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው። 40 በ30 ሴንቲ ሜትር አድርገን ስንቆርጠው እሱ ብቻ ከ11 ኪሎ በላይ መዘነ። ክብደቱ ጥሩ ነው፤ ከባድ ነገር በተኩስ አይናወጥም። አባባ ግን አንዱን ጫፍ ሊያነሡ ሞክረው ተዉት። “ይኼማ ሴባስቶፖል ነው። ማን ሊጎትትልህ ነው?” የአገራቸው ነገር ነውና ማን ይከራከራቸዋል? አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ነው። ሠራዊቱ በየገደሉና በየሸለቆው እየጎተተ መቅደላ ያደረሰው በ1860 ዓ.ም. ነበር። እኔ የማደርሰው የመኪናዬ ዕቃ መጫኛ ድረስ ብቻ መሆኑን ነግሬ አጽናናኋቸው።

የመደገፊያው ነፍስ ያለችው ግን መሃል ላይ የሚቆመው ብሎን ውስጥ ነው። ጠመንጃውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ጥርሱን ቶርኖ ላይ ራሴ አወጣሁት፤ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር አንድ ሚሊ ሜትር ይወጣል። ትንሽ ይመስላል። የፊቱና የኋላው ድጋፍ በ75 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ ግን፣ እዚህ አንድ ሚሊ ሜትር ያነሣኸው 100 ሜትር ላይ 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዳዶው ትንሽ ቢላላ አጋዘኑ ተረፈ ማለት ነው። ስለዚህ ዳዶውን እየሞከርኩ፣ እየጠረግኩ፣ እንደገና እየሞከርኩ፣ በሁለት ጣት ሲዞር ሳይንገጫገጭ እንደ ዘይት እስኪሄድ ድረስ አመሸሁ። ማንም የማያየው፣ ቀለም የማይቀባ ቦታ ነው። ብረት ሠራተኛ የሚኮራው ደግሞ እንዲህ ባለው ነው።

ይህ ሁሉ ብረት አልቆ ጠመንጃውን የሚነካው ምን መሰላችሁ? አሸዋ። አፈሙዙ ሲተኮስ ስለሚርገበገብ ምንም ሊነካው አይገባም፤ የሚደገፈው ከሥሩ ያለው እንጨት ነው። እንጨቱም ባዶ ብረት ላይ ካረፈ ይነጥርና ጥይቱ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በደረቅና በተነፋ አሸዋ የተሞላ የቆዳ ከረጢት ያስፈልጋል። አባባ ይህን ሲሰሙ ላሜራውን አዩ፣ ብሎኑን አዩ፣ እኔን አዩ። “ታዲያ ከመጀመሪያው አሸዋውን ብታመጣ ምን ነበረበት?”

ከረጢቱን ግን የሰፉት እሳቸው ናቸው። የባልደረባዬን አሮጌ ቡትስ ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በወስፌ እየበሱ፣ ክሩን በጥርሳቸው እያጠበቁ ሰፉት። ከሥራው ሁሉ ስፌቱን የሚስተካከል የለም፤ የኔን ብሎን ጨምሮ።

ተኩስ ሜዳው ላይ አባባን የገረማቸው ሥርዓቱ ነው። ዒላማ ሊሰቅል ሰው ሲወጣ ሁሉም ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ፣ መቀባበያውን ከፍቶ፣ ወደ ኋላ ብሎ ይቆማል። ንክች የለም። የአደን ልብሱን ሲያዩ ግን ግራ ገባቸው፤ ሚኒሶታ አዳኝ በሩቁ የሚያበራ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ካልለበሰ ጫካ አይገባም። “አውሬው እንዲያያችሁ ነው?” ለሰው ነው፣ አባባ፤ አጋዘን ያንን ቀለም አጥርቶ አያየውም።

ባልደረባዬ ጠመንጃውን ከረጢቱ ላይ አስተኛ። ምላጩን ከመሳብ በቀር ሥራ አልነበረውም። ሦስት ጥይት፤ ሦስቱም ቀዳዳ በአንዲት ባለ 25 ሳንቲም የሚሸፈን። ከዚያ መደገፊያውን ገለል አድርገን በክንዱ ተኩስ አልነው። ከሦስቱ አንዱ ወረቀቱን ጭራሽ አላገኘውም። ሰውየው ወደ ሰማይ አየ፤ ነፋስ የለም። ወደ ጥይቱ ሣጥን አየ፤ ያው ሣጥን ነው። ወደኔ ሲዞር ብሎኔን መጥረግ ጀመርኩ።

“ጠመንጃው በነፃ ተሰናበተ” አሉ አባባ በአማርኛ፤ ደግነቱ መተርጎም አላስፈለገም።

ኖቬምበር መጣ፤ ባልደረባዬ ወጣ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት ገና ጓንቱን ሳያጠልቅ ጀመረ። ጠመንጃው ልክ ነው፣ መነጽሩም ልክ ነው፤ ችግሩ ያንን ከባድ ብረት ተሸክሞ ጫካ መግባት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ቀለል ያለ፣ ከአሉሚኒየም የሆነ፣ የሚታጠፍ እንድሠራለት ይፈልጋል። ሥዕሉንም ይዞ መጥቷል።

አባባ አገር ገብተዋል። ማታ ደውዬ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ሳቁና፣ “ቆይ፣ ጫካ ነው አይደል የሚገባው?” አሉኝ።

“አዎ፣ አባባ።”

“እዚያ ባላ የሚቆረጥለት እንጨት ጠፋ?”