ከላንቴ፣ ለፈረሰው ሚኒስቴር

ለቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር
ባለበት

ጉዳዩ፦ የሙዝ ጭነት መኪኖችን ስለማስታወስ

መሥሪያ ቤታችሁ በ2011 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ2014 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ሚኒስቴር መጠቃለሉ ይታወቃል። ደብዳቤው የዘገየው በኔትወርክ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ምስጋና ይቅረብ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ የየግቢው ተማሪ በተደራራቢ አልጋ የሚተኛ፣ ለአንድ ካፌ የሚሰለፍ፣ በአንድ ቧንቧ የሚሻማ ነበር። ሁለት ሜትር ተራርቃችሁ እደሩ ቢባል ግማሹ ኮሪደር ላይ ሊነጠፍለት ነው። ስለዚህ ተማሪው ወደየቤቱ መሸኘቱ ልክ ነበር፤ በዚህ በአርባ ምንጭ አጠገብ የምትገኘው ሙዝ አብቃይዋ ላንቴ ቅሬታ የላትም። ባዶ የቀሩት ዶርሞች ለለይቶ ማቆያ ተዘጋጁ፤ ላቦራቶሪዎችም ሳኒታይዘር ወደ መቀመም ገቡ። ይህም ሊመሰገን ይገባል።

ችግሩ የመጣው መሥሪያ ቤታችሁ የተበተነውን ተማሪ "እንዳልተበተነ" ማድረግ ሲያምረው ነው። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በኦንላይን ይቀጥል፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም ማንበቢያው በቴሌግራምና በመሳሰለው ይድረሰው ተባለ። ላንቴ ተወልዶ ጎንደር የሚማረውም፣ ጎንደር ተወልዶ አርባ ምንጭ የሚማረውም ሁሉም ስልኩ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለው ማለት ነው።

የላንቴው ተማሪ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ሽቅብ ይዞ ከሙዙ ጥላ ይወጣል። ሃንድአውቱ በስልክ ካሜራ የተነሣ ነው፤ በአንዱ ገጽ ጥግ የመምህሩ አውራ ጣት አብሮ ገብቷል። ፋይሉ ይዞራል፣ ይዞራል፤ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ፓኬጁ ይቀድመዋል። የወረደለት ጓደኛ ካለ ብሎ ሲደውል፣ ስልኩ ከመጥራቱ በፊት እጁን በሳሙና እንዲታጠብ የሚመክር ድምፅ ይቀበለዋል። ደዋዩ የቆመው ከወንዝ የተጠለፈ ቦይ አጠገብ ነው። ጎረቤት ያለችው ከተማ ስሟን ከአርባ ምንጮች የወሰደች፣ ዩኒቨርሲቲዋም በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የተጀመረ ነውና፣ ለእጅ መታጠቢያ እንኳ ማንም አልተቸገረም። የቸገረው የሃንድአውቱ ገጽ 14 ነው።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም እንደጠፋ ቆየ። አንዱ የመንግሥት እጅ በኦንላይን ተማሩ ሲል ሌላው እጅ ኦንላይኑን ነቀለው። መመሪያው ሁለት ሜትር ነበር የሚለው፤ ተማሪና መምህር የተራራቁት ግን በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ቫይረሱ ራሱ አልጠየቀም።

አሁን ወደ መኪኖቹ። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ደንቡ መጨባበጥን ከለከለ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፣ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን አዘዘ። ሙዝን ግን አልከለከለም። የላንቴ ሙዝ በየጊዜው አስፋልት ዳር እየተቆለለ፣ አይሱዙ ላይ እየተጫነ አዲስ አበባ ሲገባ ከረመ። አትክልት ተራ በኮሮና ሰበብ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር እንኳ ሙዙ አድራሻው አልጠፋበትም። መሥሪያ ቤታችሁ ላንቴን ማግኘት ያቃተው በዚያው ሰሞን ነው።

ሾፌሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ሞጁል የሚያስቀምጥበት ቦታ አያጣም ነበር። ሞጁል ደግሞ ለዚህች አገር ብርቅ አይደለም፤ ስንቱ መምህር ዲፕሎማውን ዲግሪ ያደረገው በርቀት ትምህርት፣ በታተመ ወረቀት ነው። ወረቀት ፓኬጅ አያልቅበትም፣ ቻርጅ አይጠይቅም፤ ቢበዛ የሙዝ ጭማቂ ይነካዋል። ግን በሙዝ መኪና ላክን ብሎ ሪፖርት ማቅረብ ይከብዳል። "ዲጂታል" የሚለው ቃል ለሪፖርት ይሻላል።

በ2013 ዓ.ም. ግቢዎች ተመራቂዎችን በማስቀደም በየተራ ሲከፈቱ፣ ያመለጠው ሴሚስተር ተጨምቆ በጥቂት ሳምንታት ተሰጠ። "አልተቋረጠም" የተባለው ትምህርት ከየት መጥቶ እንደተካካሰ መሥሪያ ቤታችሁ ሳያብራራ ፈረሰ።

ስለሆነም በቴሌግራም ስንት ተማሪ ምን ያህል ገጽ እንዳነበበ የሚያሳይ ሰነድ ካለ፣ ከርክክቡ ካርቶኖች ውስጥ ተፈልጎ እንዲላክ ይጠየቃል። ፋይሉ ከባድ ከሆነ ታትሞ ይምጣ።

ከሠላምታ ጋር
ላንቴ፣ ጋሞ ዞን

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር፤ ዕዳውንም አብሮ ስለተረከበ
ለኢትዮ ቴሌኮም፤ ስልኩ ከመጥራቱ በፊት እንዲነበብ
ለሙዝ ጫኝ ሾፌሮች፤ በእጅ የሚሰጥ ስለሆነ ለእናንተ ይቀድማል