የጎን ወንበር

የመስክ መኪና የሚባለው ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጭቃና ድንጋይ የማይመልሰው ተሽከርካሪ ነው። ከፊት ጋቢና አለው፤ ሹፌሩና አለቃው እዚያ ተቀምጠው የሚሄዱበትን አገር እያዩ ይሄዳሉ። ከኋላ ደግሞ በግራና በቀኝ ግድግዳው ሥር የተዘረጉ ሁለት አግዳሚዎች አሉት፤ የቀረው ሰው እዚያ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጦ ይሄዳል። ስለ ሞተሩ ብዙ ተወርቷል፤ ስለ ጥንካሬውማ ከሚገባውም በላይ ተወርቷል። ስለ ጎን ወንበሩ ግን ሲነሣ አይሰማም። የሚያነሣው ሰው ከመስክ ሲመለስ ወገቡን ይዞ ስለሚተኛ ይሆናል።

የዚህ መኪና ታሪክ የሚጀምረው በችኮላ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 የአሜሪካ ጦር በአራቱም ጎማ የሚጎትት ቀላል የቅኝት መኪና ፈለገና ለ135 ኩባንያዎች ጥሪ ላከ። ናሙናው በ49 ቀን ተሠርቶ እንዲደርስ ይላል ጥሪው። በ49 ቀን እንኳን መኪና፣ የመኪና ጋራዥም አይሠራም። ጉዳዩን ከምር የያዘው ባንታም የተባለ፣ ሊዘጋ ጥቂት የቀረው ትንሽ ኩባንያ ነበር። ካርል ፕሮብስት የተባለ መሐንዲስ ጠርቶ በጥቂት ቀናት ንድፉን አሠራና ናሙናውን በቀጠሮው ቀን አደረሰ። ጦሩም መኪናውን ወደደው። ወደደውና ንድፉን አንሥቶ ለትልልቆቹ ለዊሊስና ለፎርድ ሰጣቸው። ሁለቱ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ ሲያመርቱ ባንታም የደረሰው 3 ሺህ የማይሞላ ነው። ከዚያ በኋላ ከጂፕ ኋላ የሚታሰር ተጎታች እንዲሠራ ተደረገ። መኪናውን የፈጠረው ኩባንያ ተጎታች ሆኖ ቀረ።

ከጦርነቱ ከተረፉት ጂፖች አንዱ በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ ሞሪስ ዊልክስ እርሻ ገባ። ዊልክስ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ነበር። የራሱ ኩባንያ እያለ የሰው አገር መኪና ሲያርስለት መዋሉ ከንክኖት እ.ኤ.አ. በ1947 በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የመጀመሪያውን ንድፍ ጫረ ይባላል። ብረት በእንግሊዝ አገር በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር አካሉ ከአልሙኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ቀለሙም ከጦርነቱ የተረፈ አረንጓዴ ሆነ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየ። የተሠራው ለገበሬ ነው። ከሞተሩ ኃይል ተቀብሎ መጋዝና መውቂያ የሚያዞር ዘንግም ነበረው።

ከላንድሮቨር ናሙናዎች አንዱ መሪው እንደ ትራክተር መሐል ላይ የተተከለ ነበር። ሹፌሩ መሐል፣ ሌላው ሰው በግራና በቀኝ። ሐሳቡ ወደ ፋብሪካ ሳይገባ ተጣለ። ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ ስትዛወር ማንም የላንድሮቨር ባለቤት ባልተጨነቀ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሹፌሩ አጠገብ አንድ የታወቀ የአለቃ ወንበር አይኖርም ነበር፤ የአለቃ ቦታ የትኛው እንደሆነ ለመወሰን ብቻ ኮሚቴ ይቋቋም ነበር።

ጃፓኖች የገቡት በዚሁ ዘመን ነው። ቶዮታ የጭነት መኪና ሞተር በጂፕ ቅርፅ ውስጥ ከቶ «ቢጄ» የተባለ መኪና ሠራ። አዲስ ለተቋቋመው የፖሊስ ተጠባባቂ ኃይል ሊሸጠው ቢያቀርብም ጨረታው የዊሊስን ጂፕ በፈቃድ ለሚገጣጥመው ለሚትሱቢሺ ሄደ። ቶዮታ አኮረፈ፤ ሲያኮርፍ ግን ቤቱ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1951 ኢቺሮ ታይራ የተባለ ሹፌር መኪናውን ይዞ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣበት። ይህን ያየው የፖሊስ መሥሪያ ቤት መኪናውን ገዛ። ጂፕ የሚለው ስም ባለቤት ስላለው እ.ኤ.አ. በ1954 ከላንድሮቨር በክብር የማያንስ ስም ተፈለገና ላንድክሩዘር ተባለ። ከዚያ 20፣ ከዚያ 40፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ 70 የተባለው ትውልድ መጣ። ሃርድቶፕ የሚባለው ባለ ጎን ወንበር መኪና የዚህ የ70 ቤተሰብ ነው።

ይህ ሁሉ መኪና ስለ ምን አይሰበርም? መልሱ አጭር ነው፦ ጉዳቱን ስለሚያስተላልፍ። ከሥር ሁለት ወፍራም ብረቶች እንደ መሰላል በአግዳሚ ብረቶች ተያይዘዋል፤ ሻንሲ የሚባለው ይህ ነው። ከኋላ ባሌስትራ አለ፤ ባሌስትራ ማለት ተደራርቦ የታሰረ የብረት ምላስ ነው። 10 ኩንታል ጭነት ሲጫንበት ለስለስ ይላል። ሰው ብቻ ሲጫንበት ግን ሰውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ድንጋጤውን ለባሌስትራው ይሰጣል፣ ባሌስትራው ለሻንሲው፣ ሻንሲው ለአግዳሚው፣ አግዳሚው ለተሳፋሪው። ተሳፋሪው የሚያስተላልፍለት ሰው የለውም።

የጎን ወንበር ጣጣ በዚህ አያበቃም። ወደ ፊት የዞረ ወንበር ዳገት ላይ ጀርባን ይደግፋል፣ ቁልቁለት ላይ እግር ይደግፋል። የጎን ወንበር ምንም አይደግፍም። አንድ አግዳሚ ላይ 5 ሰው ተቀምጧል እንበል፤ እያንዳንዱ 65 ኪሎ ይመዝን። በ10 ሜትር 1 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ መኪናው በነጠረ ቁጥር ሱሪና ወንበር ይላቀቃሉ፤ አራቱ ሰዎች ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው አምስተኛው ሰው ላይ 26 ኪሎ ያህል ያርፋል ማለት ነው። ሩብ ኩንታል ጤፍ። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ሸክሙ ከጋቢናው ጀርባ በተቀመጠው ላይ ይሆናል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ዕዳው ወደ በሩ ይዞራል። ስለዚህ አዋቂ ተሳፋሪ መሐል ይቀመጣል። አዋቂ ያልሆነ ተሳፋሪ መጨረሻ ይመጣና በሩ ጋ ይቀመጣል። በየመስክ ጉዞው አንድ አርፍዶ የሚመጣ፣ ቦርሳውን ታቅፎ በሩ ጋ የሚወሸቅ ሰው አይጠፋም፤ ወገቡ እስኪሽር ድረስም ይህን ሒሳብ ሲደጋግም ይከርማል።

እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። ጂፕ አሜሪካዊ ነው፤ ላንድሮቨር እንግሊዛዊ፣ ላንድክሩዘር ጃፓናዊ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ገብተው ሲፈቱ ግን ሁሉም ጣሊያን ናቸው። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ፓራውልቱ ይነቀላል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይታያል፣ ኩሽኔታው ግራሶ ይቀባል፣ ቡሎኑ ይጠብቃል። ጎሚስታው ክሪክ አስገብቶ ጎማ ያወጣል፣ ካላማዳሪያውን ይለጥፋል፣ ስኮርታውን ይሰቅላል። ጣሊያን ዓድዋ ላይ ተመለሰ፤ በ1928 ዓ.ም. ገባ፣ በ1933 ወጣ ተባለ። ከቤተ መንግሥት ወጥቷል፤ ከኮፈን ሥር ግን ያስወጣው አርበኛ የለም። ካቻቢቴውን ረስቶ ሄዷል፣ ፒንሳውም እዚሁ ቀርቷል።

ቃላቱም ቢሆኑ በሰላም አልኖሩም፤ እንደ ባሌስትራ ተቀጥቅጠዋል። ፓራውርቲ የነበረው ፓራውልት ሆነ፤ ስፔክዮ ስፖኪዮ ተባለ። ካሜራ ዳሪያ፣ ትርጉሙ የአየር ክፍል፣ ካላማዳሪያ ተብሎ የመድኃኒት ስም መሰለ። ከሁሉም የሚያስገርመው ጣራ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ነው፦ ፖርታባጋሊ ነበር፣ ፖርቶ መጋላ ሆነ። ድሬዳዋ መጋላ የሚባል ሰፈር ስላላት ሰሚው ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ የተነገረው ይመስለዋል። አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ዛሬ ጋራዥ ቢገባ ግማሹን ይረዳል፣ ግማሹን ደግሞ የሩቅ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ትኩር ብሎ ያያል። በመኪናው ውስጥ አማርኛ ሆነው ከቀሩት ጥቂት ቃላት ሁለቱ «መሪ» እና «ወንበር» ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ለፈረንጅ አሳልፎ የሚሰጥ አልተገኘም። ሰው የሚጣላባቸው እነሱ ስለሆኑ ነው።

ወደ መኪናው እንመለስ። አሮጌ የመስክ መኪና መያዝ ትዳር እንጂ ንብረት አይደለም። ባለቤቱ በጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያየው ከሥሯ ያለውን መሬት ነው። ላንድሮቨር ከሆነች ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ባለቤቱም ይህን እንደ ጤንነት ይቆጥረዋል፤ ካላንጠባጠበች ዘይቷ አልቋል ማለት ነውና። አልሙኒየም አካሏ አይዝግም፤ ዝገቱ ከሥር ያለው የብረት ሻንሲ ዕጣ ነው። ከዚያ ድምፅ ይመጣል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ፣ ኳ ይላል። መካኒኩ ሲነዳት ኳ አይልም። መካኒኩ ወርዶ ባለቤቱ ሲገባ ኳ ይላል። ሶማሌ ተራ ተሂዶ ዕቃ ይፈለጋል፤ ሻጩ አንዱን አንሥቶ «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ዋጋው ሲሰማ ደንበኛው ሌላኛውን ይጠይቃል፤ ሌላኛውም ኦሪጅናል ነው። ሃርድቶፑ በዚህ በኩል ይሻላል። 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ ነዳጅ ቢወድም ክፉ ነገር አያስብም፤ በሁለት ታንከር 180 ሊትር ይይዛል። ሁለቱን ለመሙላት ግን ገንዘብና ትዕግሥት ያለው ሹፌር ያስፈልጋል።

በአንዳንዶቹ መኪኖች ጎን ከኮፈኑ ተነሥቶ እስከ ጣራ የሚወጣ ጥቁር ቱቦ ይታያል፤ ስኖርክል ይባላል። ሥራው ቀላል ነው፦ ወንዝ ሲሻገሩ ሞተሩ ውኃ እንዳይጠጣ አየር ከላይ ይስብለታል። ይህ ቱቦ አዋሽንና ኦሞን ለሚሻገር መኪና ተገቢ ነው። ከቦሌ እስከ አራት ኪሎ ያለው ወንዝ ግን የትኛው ነው? የመስክ መኪና ተብሎ ተገዝቶ፣ የመስክ በጀት ተይዞለት፣ የመስክ ጎማ ታስሮለት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲያመጣ የሚውል መኪና ለምን ስኖርክል ይገጠምለታል? ነሐሴ ላይ ታክሲ ሰልፍ የቆመ ሰው መልሱን ያውቀዋል። መኪናው ይመጣል፣ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ የተኛው ጎርፍ አያስፈራውም፣ ፍጥነቱንም አይቀንስም። ሞተሩን አንዲት ጠብታ አትነካውም። ውኃው በሙሉ ሰልፉ ላይ ያርፋል፤ የተማሪው ደብተር ላይ፣ ለሥራ የተተኮሰ ሸሚዝ ላይ፣ የአሮጊቷ ነጠላ ላይ። ውስጥ ያለው ሰው መስታወቱን ዘግቶ በስልክ ስለ ድህነት ቅነሳ ይነጋገራል። ይህ ቀልድ አይደለም። ለሞተር መተንፈሻ ያሰበ፣ ለሰው ግን ፍሬን መርገጥ የከበደው ሰው መንጃ ፈቃዱ ሊነጠቅ ይገባል። መሐንዲሶቹ 80 ዓመት ሙሉ መኪናው እንዳይጎዳ ሲደክሙ ለእግረኛ የሚሆን ስኖርክል የሠራ አንድም የለም።

እርግጥ መኪናው ምን አደረገ? ይኸው ሃርድቶፕ ነጭ ተቀብቶ፣ መብራት ጣራው ላይ ተተክሎለት በየወረዳው አምቡላንስ ሆኖ ይሠራል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ አንዱን ጎን ትይዛለች። ሌላው ጎን አግዳሚው አለ፤ እናቷ፣ ባሏና ጎረቤቷ ጉልበታቸውን ከቃሬዛው ጋር አስነክተው ይቀመጡበታል። ወደ ፊት የዞረ ወንበር ቢሆን ኖሮ ጀርባቸውን ለእሷ ይሰጡ ነበር። የጎን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ከማየት በቀር ምርጫ የለውም፤ ዳገት ሲመጣም የጎረቤቱን ትከሻ ከመያዝ በቀር። መስክ ደርሶ የተመለሰ ሰው ከጋቢናው አለቃ ይልቅ ከፊቱ የተቀመጠውን ባልደረባ ስም፣ የልጆቹን ቁጥርና የሚያመውን ጥርስ ያውቃል።

የላንድሮቨሩ የድሮ ዝርያ፣ በኋላ ዲፌንደር የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 እንግሊዝ ውስጥ ሶሊሃል ላይ መመረቱ ተቋረጠ። ስሙን የወረሰው አዲሱ ለስላሳ ነው። ኢትዮጵያም ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፤ ስለዚህ ያለው አሮጌ በደንብ ይያዝ። የ70 ቤተሰብ ግን ዘንድሮም ይመረታል። የኋላ በሩ ባለ ሁለት ተከፋች ነው። በሩ ጋ የተቀመጠ ሰው ዳገቱ ሳይጀመር መቆለፉን እጁን ሰድዶ ያረጋግጥ።