በጣቶች ስም ለሜኑ ነዳፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡራን የሶፍትዌር ሜኑ ነዳፊዎች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአቋራጭ ቁልፎችን ድልድል ይመለከታል

አቋራጭ ቁልፍ በሜኑ ውስጥ ያለን ትእዛዝ ማውስ ሳይነካ በጣት የሚያስፈጽም የቁልፎች ጥምረት ነው። ድልድሉ ሁለት መመዘኛ አለው ተብሎ ይታመናል፦ ትእዛዙ ምን ያህል ደጋግሞ እንደሚፈለግና በስሕተት ቢነካ ምን ያህል እንደሚጎዳ። የሜኑዎቹን ይዞታ ያየ ግን ሦስተኛ መመዘኛ ይጠረጥራል፤ ቀድሞ የተመዘገበው ደህናውን ፊደል ይወስዳል፣ ለዘገየው ሦስት ጣት የሚያጣምም ጥምረት ይደርሰዋል።

ሥራው ሲያምር ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፕል ሊሳ ኮምፒውተር ላይ የተሠራን መሻር፣ መቁረጥ፣ መቅዳትና መለጠፍ ለዜድ፣ ለኤክስ፣ ለሲና ለቪ ተሰጡ። ኤክስ የስረዛ ምልክት ይመስላል፤ ሲ የኮፒ መነሻ ናት። ቪ ከፔስት ጋር የስም ዝምድና የላትም፤ ግን ከሲ ጎን ናት። አራቱም በታችኛው ረድፍ በግራ በኩል ስለተደረደሩ ቀኝ እጅ ማውሱን እንደያዘ ግራው ሥራውን ይጨርሳል። እንዲህ ያለ አሳቢነት ብዙም ያልተደገመው ነዳፊዎቹ እንዳይኮሩ ተፈርቶ ይሆናል።

ሺፍትና ዲሊት በጽሑፍ ላይ ቆርጦ ያቆያል፤ በዊንዶውስ የፋይል መስኮት ውስጥ ግን ፋይሉን በቆሻሻ መጣያው እንኳ ሳያሳልፍ ያጠፋል። አንድ ሠራተኛ በሁለት መሥሪያ ቤት ተመድቦ፣ በአንዱ ዕቃ ጠባቂ በሌላው አቃጣይ መሆኑ ነው።

ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት በአንጻሩ እንዲያስቸግር ታስቦ የተሠራ ነው። የአይቢኤሙ መሐንዲስ ዴቪድ ብራድሊ ኮምፒውተሩን እንደገና የሚያስነሳውን ይህን ጥምረት የመረጡት ማንም ሳያስበው እንዳይነካው ነበር። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ይህንኑ ጥምረት የመግቢያ ሥርዓት አደረገው። ቢል ጌትስ በ2013 ስሕተት እንደነበር ተናግረዋል፤ አቤቱታ በሃያ ዓመት መልስ ማግኘቱ በቢሮ አሠራር ፈጣን ነው።

በማክ ላይ አንድ መስኮት የሚዘጋው ደብሊውና ፕሮግራሙን በሙሉ የሚዘጋው ኪው ጎረቤታሞች ናቸው። የክሮም አዘጋጆች አደጋውን አይተው፣ ለመውጣት ቁልፉን ተጭኖ መቆየት እንደሚያስፈልግ የሚያስጠነቅቅ ምርጫ ጨመሩ። ቁልፉ ግን ከቦታው አልተነሣም።

ሜኑ ሲተረጎም ድልድሉ ይበልጥ ይወሳሰባል። ኮንትሮልና ኤን በእንግሊዝኛው ዎርድ አዲስ ሰነድ ይከፍታል፤ በስፓኒሹ ፊደል ያደምቃል። ኤስም ለእንግሊዝኛው ሴቭ ዘመድ፣ ለአማርኛው «አስቀምጥ» ባዳ ናት፤ ስለዚህ አማርኛ ጸሐፊ ቁልፏን የሚይዘው በስሟ ሳይሆን በቦታዋ ነው። ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲና ቪን ግን ስፓኒሾቹም አልነኳቸውም።

በመሆኑም በቀጣዩ ድልድል ዘወትር የሚፈለገው ትእዛዝ በግራ እጅ እንዲደረስ፣ የሚያጠፋው ከሚያስቀምጠው ቢያንስ ሦስት ቁልፍ እንዲርቅ፣ አንድ ጥምረትም በየመስኮቱ ጠባዩን እንዳይለውጥ በትሕትና ይጠየቃል።