ስንት ወጣ? ስንት ገባ?

ሰኞ ጠዋት ሆለታ ውስጥ ባንክ በር ላይ የሚሰለፈው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ከወልመራ ገጠር በሌሊት ተነስታ የመጣች እናት ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መታወቂያዋን በፌስታል ጠቅልላ፣ ስልኳን በመዳፏ ጨብጣ። ስልኩ ውስጥ ልጇ ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት የላከችላት የሚስጥር ቁጥር አለ። ሁላችንም እዚያ ሰልፍ ላይ ቆመናል። እኛ ባንቆም እናታችን ቆማለች፣ እህታችን ቆማለች።

ሰልፉን ችለነዋል። "ሲስተም የለም" መባሉንም ችለነዋል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ግድግዳ ተደግፎ መጠበቁን፣ "ከሰዓት ተመለሱ" ተብሎ ከሰዓት መመለሱን፣ ከሰዓትም "ነገ" መባሉን፣ ሁሉንም ችለነዋል። ያልቻልነው አንድ ነገር ነው። ልጅቷ ላክሁ ያለችው ገንዘብና እኛ እጅ የገባው ገንዘብ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም።

እኔም እህት አለችኝ፣ ሪያድ። ገንዘብ በላከች ቁጥር ለእናቴ ትደውላለች። "1,000 ሪያል ልኬያለሁ፤ ገባ?" "ገብቷል ልጄ።" "ስንት ገባ?" እዚህ ላይ የእናቴ ድምፅ ይቀንሳል። ገንዘቡን ያጎደለችው እሷ የሆነች ይመስል ቁጥሩን ለመናገር ይጨንቃታል። እህቴም በዚያ በኩል ዝም ትላለች። በልቧ "ያን ሁሉ ልኬ ይህ ብቻ?" ትላለች፤ እናቴ ደግሞ "ልጄ ያሰበችው ሳይሞላላት ቀረ" ብላ ትተክዛለች። ሁለቱም ምንም አላጠፉም። ገንዘቡ የቀነሰው መንገድ ላይ ነው። የት ቦታ እንደቀነሰ ግን ደረሰኙ አይናገርም።

አንድ ማታ የልጄን የሂሳብ ደብተር ተቀብዬ ቁጭ አልኩ። ስሌቱ እንዲቀል አንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል። የሳዑዲ ሪያል ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ አንድ ሪያል 40 ብር ይመጣል። ስለዚህ 1,000 ሪያል 40,000 ብር ነው። አሁን ላኪው ድርጅት ለአገልግሎቱ 20 ሪያል ወሰደ እንበል። ሳዑዲ ውስጥ በአገልግሎት ክፍያው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፤ 3 ሪያል። የቀረው 977 ሪያል ነው። ድርጅቱ ይህን በ40 ብር አይመነዝረውም፤ በ38 ብር ከ50 ሳንቲም መነዘረው እንበል። ሲባዛ 37,614 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ከ40,000 ላይ 2,385 ብር ከ50 ሳንቲም የለም።

ከዚህ ውስጥ እህቴ በዓይኗ ያየችው 23ቱን ሪያል ብቻ ነው፤ በብር 920። የቀረው 1,465 ብር ከ50 ሳንቲም የትም ቦታ ላይ "ክፍያ" ተብሎ አልተጻፈም። በአንዲት የብር ከ50 ልዩነት ውስጥ ገብቶ ሄደ። የሚታየው ትንሹ፣ የማይታየው ትልቁ። ደብተሩን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው።

እዚህ ላይ ነው ሆዴን የሚያቃጥለኝ። ድርጅቶቹ መስታወታቸው ላይ በትልቁ "ያለ ክፍያ ይላኩ" ብለው ይለጥፋሉ። ልጅቷ ደስ ብሏት ትገባለች። ክፍያው ዜሮ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን የሚመነዝሩበትን ተመን ዝቅ አድርገው የተዉትን ክፍያ ከዚያው ይወስዱታል። ከ40 ብር ይልቅ በ37 ብር ከ50 ቢመነዝሩላት በ1,000 ሪያል ላይ 2,500 ብር ሄደ ማለት ነው። ክፍያ ከከፈለችበት ቀን የበለጠ ከሰረች። ይህን ማን ነገራት? ማንም። በአረብኛና በእንግሊዝኛ በተጻፈ ማሽን ፊት ቆማ፣ አሰሪዋ ከሰጠቻት የሁለት ሰዓት ፈቃድ ላይ ቆርሳ፣ የሦስት ድርጅት ተመን አስተያይታ እንድትመርጥ ነው የሚጠበቅባት።

ወዲህ ስንመጣ ደግሞ የባንኩ ሰሌዳ አለ። መግዣ አለ፣ መሸጫ አለ። የጥሬ ገንዘብ መግዣ አለ፣ የትራንዛክሽን መግዣ አለ። ገንዘቡ የመጣው በየትኛው ነው? "እናቴ፣ እኛ አይደለንም የምንመነዝረው፣ እዚያው ተመንዝሮ ነው የሚመጣው" ይላል መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ። እዚያ ሲጠየቅ "ተቀባዩ ባንክ ያውቃል" ይባላል። ተመኑ የሚቆረጠው ስትልክ ነው ወይስ ስንቀበል? ያኛው ወደዚህኛው፣ ይህኛው ወደዚያኛው።

ብሩም አላገዘንም። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም በአንድ ጊዜ 5 ብር ሲገባ ያዩ አዛውንቶች አሉን። በጥቅምት 2010 ብር በአንድ ሌሊት 15 በመቶ ረከሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ ከ74 ብር አለፈ፣ ሳይቆይም ከ100 በላይ ወጣ። ልጆቻችን የላኩት ያው ነው፣ እኛ እጅ የሚገባው ብር በዛ። ደስ አለን። ዘይት ቤት ስንሄድ ግን ዘይቱም ሰምቶ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ሲጎድል ያጎደለው ድርጅቱ ይሁን ገበያው መለየት አቃተን። ማንኛውም ጉድለት "ተመኑ ተለዋውጦ ነው" በሚል አንድ መልስ ይሸፈናል።

ያ መልስ ግማሹ ልክ አይደለም። የሪያድና የዱባይ ልጆች ይህን ይያዙልኝ። ሪያል ከዶላር ጋር 3.75 ነው፣ ዛሬም ነገም። ድርሃም 3.6725 ነው። እነዚህ አይንቀሳቀሱም። የሚንቀሳቀሰው ብራችን ብቻ ነው፤ የብሩ የዕለት ተመን ደግሞ በየባንኩ ይለጠፋል። ሂሳቡ በአንድ ማካፈልና በአንድ ማባዛት የሚያልቅ ነው። ከዚያ በታች የመጣ ሁሉ፣ ታክሱ ሲቀር፣ የአሻጋሪው ድርሻ ነው።

የቤይሩቶቹ ነገር ሌላ ነው፣ እሱን ሳነሳ ልቤ ያዝናል። የሊባኖስ ሊራ ከሃያ ዓመት በላይ በ1,507 ከግማሽ ለዶላር ቆሞ፣ በ2012 ዓ.ም. ተንኮታኮተ። በዶላር ተዋውለው የሄዱ ልጆቻችንን ብዙ አሰሪዎች "በሊራ ነው የምከፍልሽ" አሏቸው፤ ሊራው በየሳምንቱ ይቀልጣል። ጭራሽ ሳይከፍሉ አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ የጣሏቸውም ነበሩ። ለእነዚያ ልጆች ስለ ተመን ልዩነት ማውራት ቅንጦት ነበር።

አሁን ደግሞ የስም ነገር። መታወቂያችን በኦሮምኛው ቁቤ ተጽፏል፣ የልጅቷ ፓስፖርት በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። ጫልቱ የምትባል እናት መታወቂያዋ ላይ ስሟ በሲ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለት ኤ አለው፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ዩ አለው። ልጇ ሪያድ ሆና የመላኪያ ቅጹን ስትሞላ በሲና በኤች ጀምራ፣ አንድ ኤ፣ አንድ ዩ ትጽፋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ባንክ ቤት ግን "ስሙ አይገጥምም" ይባላል። "ልጄ፣ እኔው ነኝ እኮ!" "ገብቶኛል እናቴ፣ ሲስተሙ አይቀበልም፤ ይስተካከል በሏት።" ለዚያች ማስተካከያ ልጅቷ ሌላ ፈቃድ ትለምናለች፣ እናትየው የዛሬውን ትራንስፖርት ከፍላ ትመለሳለች፣ የነገውን ከፍላ ትመጣለች። ይህ ወጪ በማንም ስሌት ውስጥ የለም፤ ከእኛ ኪስ ግን ወጥቷል።

ባንኮችም በዓል ሲደርስ ከውጭ ገንዘብ ለተቀበለ ሰው ሽልማት ያዘጋጃሉ። ስልክ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን። እግዜር ይስጥልን። ግን ፍሪጁ የሚደርሰው ለአንዱ ነው፣ በተመኑ የሚጎድልብን ሁላችንም ነን። ለፍሪጁ የሚወጣው በተመኑ ላይ ቢጨመር እኛ ሆለታዎች ሳንሸለም እናመሰግናለን።

ወደ ውጭ መላክ ደግሞ የባሰ ነው። ጎረቤቴ ህንድ አገር ለሚማር ልጁ የትምህርት ክፍያ ለመላክ ስንት ወረቀት እንዳሟላ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ብሩን በመሸጫው ተመን አስቆረጠ፣ ኮሚሽን ከፈለ፣ የማስተላለፊያ ከፈለ። ልኬ ተገላገልኩ ሲል ልጁ ደወለ፤ "አባዬ፣ 30 ዶላር ጎድሏል፣ አንመዘግብህም ብለውኛል።" ለካ ገንዘቡ በቀጥታ አይሄድም፣ መሃል ላይ ሌላ ባንክ አለ፤ እሱም ድርሻውን ቆርጦ ነው ያሳለፈው። አሁን ያቺን 30 ዶላር ለመላክ እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ኮሚሽን፣ እንደገና ማስተላለፊያ። ብሔራዊ ባንክ በ2017 ዓ.ም. ባንኮች በውጭ ምንዛሪ ላይ የሚጠይቁት ክፍያና ኮሚሽን ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ማዘዙ እንደ እሱ ላለ ሰው እፎይታ ነበር። መሃል ላይ ያለው ባንክ ግን ትእዛዙን አልሰማም።

ብዙዎቻችን ለምን ወደ ጥቁር ገበያው እንደምንሄድ ሲጠየቅ ሁሌ የሚነሳው የተመኑ ነገር ነው። ከ2016ቱ ለውጥ በፊት በእርግጥ የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። አሁን ግን የማየው ሌላ ነው። የእጅ አሻጋሪው አንድ ቁጥር ይናገራል። "ይህን ያህል ሪያል ስጪኝ፣ እናትሽ ነገ ይህን ያህል ብር ትቀበላለች።" አለቀ። መግዣ፣ መሸጫ፣ ትራንዛክሽን የለም። አደጋው ከባድ ነው፤ ሰውየው ስልኩን የዘጋ ቀን የዓመት ላብ ይዞ ይጠፋል፣ ደረሰኝ የለ፣ የሚከሰስ የለ። በዚህ መንገድ ያለቀሰች ልጅ አውቃለሁ። ቢሆንም ያንን አንድ ቁጥር ሕጋዊው መንገድ ለምን አይነግረንም?

የዓለም መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት የልማት ግቦች ውስጥ ገንዘብ የመላኪያ ወጪ በአውሮፓውያን 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲሆን ተስማምተዋል። የዓለም ባንክ ወጪውን ሲለካ ክፍያውንም የተመኑንም ልዩነት አንድ ላይ ደምሮ ነው፤ አማካዩ ዛሬም 6 በመቶ ገደማ ነው። ደማሪዎቹ መደመር ከቻሉ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅም ደምሮ ሊነግረን ይችላል። በዚሁ በከተማችን ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳቸውን ሆላንድ በዩሮ ሲሸጡ ስንት እንደሄደና ስንት እንደተመለሰ በሳንቲም ያውቃሉ። የልጅ ጉልበት ከጽጌረዳ አያንስም።

ደብተሩ አሁን የእናቴ ሆኗል። ልጄ በመስመሪያ ከሁለት ከፍሎላታል፤ በአንዱ በኩል "ወጣ"፣ በሌላው "ገባ"። ባለፈው እሑድ እህቴ ደውላ "ገባ?" ስትል እናቴ መነጽሯን አደረገች፣ ደብተሩን ከትራስ ስር አወጣች፣ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠችኝ።

"ቆይ ልጄ" አለቻት፣ "መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ፤ ከኪስሽ ስንት ወጣ?"