ውሻም እንደ ውሻ የማይኖርበት ዘመን

ወገኖቼ፣ እንደ እኔ ጉልበታችሁን እያሻችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ ይኼንንም ጉድ ስሙልኝ። ጠላው ቀረ፣ ቡና መጠራራቱ ቀረ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» እንኳ በስልክ በሥዕል ይላክልናል። እንደ ነበረ የቀረልን የመንደር ውሻ ብቻ ነበር፤ እሱም ተበላሸ። ተበላሸ ስላችሁ ታመመ እንዳይመስላችሁ። ታጠበ፣ ተከተበ፣ ካርድ ወጣለት።

ከከተማው ዳር ጌታ የሌላቸው ውሾች የሚሰበሰቡበት ግቢ አለ። የልጅ ልጄ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። ገና ከበሩ በበረኪና የተነከረ ጨርቅ አስረገጡኝ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ወግ ነው፤ ውሻ ልጠይቅ ብዬ ጫማዬ ሲታጠብ ግን ያየሁት በስተርጅና ነው። ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ደግሞ ፈገግ ብላ፣ «አባባ፣ ከውጭ በሽታ ይዘውባቸው እንዳይገቡ ነው» ትለኛለች። እኔ፣ በውሻ ላይ በሽታ!

አዲስ የመጣ ውሻ ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ለብቻው ይቆያል። ይመዘናል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ለእከኩ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ስሙም ክብደቱም የተከተበበት ቀንም ይጻፍለታል። ልጅቱን አንዱን ካርድ አምጪ ብላት ዓይኗን ሳታሽ አመጣችው! ለጉልበቴ በምመላለስበት ጤና ጣቢያ የእኔ ካርድ ተገኝቶ አያውቅም፤ «ነገ ይመለሱ» ነው መልሱ። እዚያ ግን ቡቺ የሚባል ሦስት እግር ያለው ውሻ ባለ መዝገብ ነው። ስሙ ቡቺ መሆኑስ ደግ፤ ጎረቤቶቹ ቤላና ማክስ ናቸው። አንበሳው፣ ደፋር ብሎ መጥራት ነውር ሆኗል መሰለኝ።

ሽታ እንኳ የለም እኮ! ወለሉ ጠዋትና ማታ ይታጠባል። ውሻ ካልሸተተ መኖሩ በምን ይታወቃል?

ደግሞ ያኮላሿቸዋል። ሴት ውሻ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፣ በዓመት ሁለቴም ትደግማለች፤ እነዚህ ሰዎች ግን በቃሽ አሏት። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ምልክት ያደርጉና ወደ ሰፈሯ ይመልሷታል። ይዛችሁ ስታበቁ ለምን ትመልሷታላችሁ ብዬ ልጅቱን ብጠይቃት፣ ቦታው ባዶ ከሆነ ያልተከተበ ሌላ ውሻ መጥቶ ይይዘዋል አለችኝ። ከ10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ የውሻ እብደት በሽታ መተላለፊያ ያጣል አለችኝ። ለሁሉም መልስ አላት! በእኛ ጊዜ ልጅ ሽማግሌ ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር።

ድሮ ይህ ሁሉ ጣጣ የት ነበር? ውሻ ካበደ አበደ ነው። ጩኸት ይሰማል፣ መንደርተኛው ዱላውን እየያዘ ይወጣል፤ መተባበር ነበር፣ ፍቅር ነበር። የተነከሰ ሰው ክትባቱ ወደሚሠራበት ፓስተር ይሄዳል። ከበግ አንጎል የተሠራውን ክትባት በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጉታል፣ 14 ቀን ሙሉ። ሆዱ አብጦ ይተኛና ዘመድ አዝማድ ሊጠይቀው ይጎርፋል፤ ተኮራርፈው የከረሙት ሳይቀሩ ይታረቁበታል። ዛሬ ክንዱን አራት አምስት ጊዜ ጠቅ ያደርጉትና ወደ ሥራው ይሄዳል። ማን ይጠይቀዋል? ልጅቱ ይባስ ብላ፣ የተነከሱ እንደሆነ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡት አለችኝ። በሰፈሬ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ብታውቅ እንዲህ አትልም ነበር።

መንገድ የሚጸዳውም ያለ ወጪ ነበር። መርዝ ያለበት ሥጋ ሌሊት ይበተናል፣ ጠዋት አንድ ውሻ አታዩም፣ አለቀ። አሠራር ማለት ያ ነው። የእኔ አንበሳው ያለቀው እንደዚያ ነው፤ አጥር ዘሎ ወጥቶ። ከዚያ ወዲህ ውሻ አላሳደግሁም።

ጾሙስ? በሁዳዴ 55 ቀን ሉካንዳው ሲዘጋ የሰፈሩ ውሻ አብሮን ይጾም ነበር። ጎድኑ እስኪቆጠር! እነዚህኞቹ በጾም መካከል ሩዝ በሥጋ ይቀርብላቸዋል፤ ያውም በቀን ሁለቴ፣ በየራሳቸው ሳህን። በቤተ መንግሥት የጃንሆይ ውሻ ሉሉ ሲሞላቀቅ ማን ከፋው? ለቤተ መንግሥት ያምራል። አሁን ግን ከቱቦ ሥር የወጣው ሁሉ ሉሉ ልሁን አለ።

እኔም ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ያገሬ ሰው ለጥየቃ ባዶ እጁን አይሄድም። ከፋሲካው ዶሮ አጥንት ቋጥሬ ነበር። ከለከሉኝ! የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል አሉ። አንበሳው ዕድሜውን ሙሉ የበላው ምን ነበር ታዲያ?

በዚህ መካከል አንድ አፉ የሸበተ ጥቁር ውሻ መጥቶ እግሬ ላይ ተኛ። ተነስ ብለው አይነሳም። ስሙ ኦስካር ነው አሉኝ፤ ደፋር ብዬ ጠራሁት፣ ጆሮውን አቆመ። እንግዲህ ሰው ያወጣለትን ስም አልወደደውም ማለት ነው። ይዤው ልሂድ ብል ቅጽ አቀረቡልኝ። ማን ያበላዋል? ሌሊት የት ያድራል? ሲታመም ማን ያሳክመዋል? ለሚስቴ ሽማግሌ ስልክ ይህን ያህል አልተጠየቅሁም። ጭራሽ ግቢዬን መጥተው ያያሉ፤ ውሻ የሚሾልክበት ቀዳዳ ካለ አይሰጡኝም።

ይኼ ነው ዘመኑ፣ ወገኖቼ። በሉ አሁን፣ ቆርቆሮ አጥር የሚጠግን ሠራተኛ፣ ዋጋ የማያበዛ፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ላኩልኝ፤ ሐሙስ ሊያዩት ይመጣሉ።